የፕላስሚድ ሚውቴሽን ሁለት ወር ሙሉ እምቢ አለኝ፤ ኮሎኒዎቼ አረንጓዴ እንደሆኑ ቀሩ

ቀን_በላብ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ አንድ ቦታ ላይ ተቀርቅሮ ቀርቷል። ዝርዝሩን ሁሉ ስለምጽፍ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ኢጂኤፍፒ የሚባለውን አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ጂን የያዘ ፕላስሚድ (ባክቴሪያ ውስጥ የሚኖር ክብ ዲኤንኤ) አለኝ። ርዝመቱ 3400 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ገደማ ነው። ጂኑን የሚያስነሳው ላክ የሚባለው ፕሮሞተር (የጂን ማብሪያ) ነው፤ ፕላስሚዱ አምፒሲሊን ይቋቋማል። 66ኛውን አሚኖ አሲድ ከታይሮሲን ወደ ሂስቲዲን መቀየር እፈልጋለሁ። ቲኤሲ የነበረው ሲኤሲ ይሆናል ማለት ነው። አንዲት ቤዝ ብቻ! ይህ ለውጥ አረንጓዴውን ብርሃን ሰማያዊ እንደሚያደርገው ከ1990ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። እኔም አዲስ ነገር ላገኝበት አይደለም። ዘዴው እጄ ላይ ከገባ በኋላ ወደ ራሴ ኢንዛይም ልሻገር ነው። ውጤቱ በዓይን ስለሚታይ ለመለማመጃ ጥሩ መስሎኝ ነበር።

ፕራይመሮቼ (ቅጂው የሚጀምርባቸው አጫጭር ዲኤንኤዎች) ሁለት ናቸው። እያንዳንዳቸው 33 ቤዝ ሆነው እርስ በርስ ሙሉ በሙሉ ይገጥማሉ፤ ለውጧ መሃላቸው ላይ ናት። ፖሊመሬዙ (ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም) ተራው ፒኤፍዩ ነው። 50 ማይክሮሊትር ውስጥ 100 ናኖግራም ፕላስሚድ አደርጋለሁ። 95 ዲግሪ 30 ሰከንድ፣ 55 ዲግሪ 1 ደቂቃ፣ 68 ዲግሪ 3 ደቂቃ ተኩል፤ 25 ዙር ፒሲአር (ዲኤንኤን በሙቀት ዙር መገልበጫ)። ከዚያ የድሮውን ፕላስሚድ እንዲቆርጥ ዲፒኤን-1 ከሚባለው ኢንዛይም 1 ማይክሮሊትር ጨምሬ 37 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ አቆየዋለሁ። 10 ማይክሮሊትሩን እኛው ባዘጋጀነው 50 ማይክሮሊትር ኮምፒቴንት ሴል (ዲኤንኤ እንዲቀበል የተዘጋጀ ባክቴሪያ) ላይ ጨምሬ፣ በረዶ ላይ ግማሽ ሰዓት፣ 42 ዲግሪ 45 ሰከንድ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት አሳድጌ ፕሌት ላይ እዘራዋለሁ።

በማግስቱ 60 የሚሆኑ ኮሎኒዎች (እያንዳንዱ ከአንድ ባክቴሪያ የተባዛ ነጠብጣብ) አገኛለሁ። ሰማያዊ መብራት ላይ ሳስቀምጣቸው ግን ሁሉም አረንጓዴ ያበራሉ። አራት ጊዜ ሞከርኩ፤ አራቱንም ጊዜ ይኸው ነው። ሦስተኛው ላይ ብቻ የማያበሩ አራት ኮሎኒዎች አየሁ። ያን ቀን ደስታዬን አልችለውም ነበር። ሁለቱን መርጬ ሚኒፕሬፕ ሠርቼ (ፕላስሚዱን ከባክቴሪያው አውጥቼ) ለሴኩዌንሲንግ (ፊደሎቹን ለማስነበብ) ላክሁ። ሦስት ሳምንት ጠብቄ መልሱ ሲመጣ ለውጧ አለች፤ ግን የፕራይመሩ ቅደም ተከተል ሁለት ጊዜ ተደግሞ ገብቷል። በሁለቱም ኮሎኒ ላይ!

ዲኤንኤን በመጠኑ በሚለየው ጄል ላይ ሳስኬደው ደግሞ ከፒሲአሩ ምንም ባንድ አይታይም። ታች ላይ የፕራይመር ጭጋግ ብቻ ነው።

አዲስ ፕራይመር ማዘዝ ከአንድ ወር በላይ ይፈጃል። አማካሪዬ አንድ ጊዜ ብቻ እንድናዝ ፈቅደውልኛል። ስለዚህ ከማዘዜ በፊት ምን እየተሳሳትኩ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። እባካችሁ እርዱኝ።

ከስቶክሆልም

እህቴ፣ አይዞሽ። የጻፍሽው ዝርዝር ራሱ ግማሽ መልስ ነው።

ከጄሉ ልጀምር። ሁለት ፕራይመሮች ሙሉ በሙሉ ሲገጥሙ ከፕላስሚዱ ይልቅ እርስ በርስ መያያዝ ይቀናቸዋል። ያንቺዎቹ በዚያ ላይ በጂ እና በሲ የተሞሉ ናቸው። የኢጂኤፍፒን ቅደም ተከተል ስለማውቀው ቆጠርኩት። ከቫሊን ጂቲጂ ጀምሮ እስከ ቲቲሲ ድረስ ከወሰድሽ ከ33ቱ 22ቱ ጂ ወይም ሲ ናቸው፤ 67 ከመቶ ገደማ። ለዚህ ዘዴ በሚሠራበት ቀመር መቅለጫ ሙቀቱን ላስላልሽ፦ 81.5 ሲደመር 0.41 ሲባዛ በ67፣ ከዚያ ላይ 675ን ለ33 አካፍለሽ ትቀንሻለሽ፣ የማይገጥመውን 3 ከመቶ ደግሞ ትቀንሻለሽ። 85 ዲግሪ ይመጣል። የሚፈለገው ከ78 በላይ ነው፤ ስለዚህ ፕራይመሩ በሕጉ መሠረት የተሠራ ነው። ግን እንዲህ ጠንካራ ከሆነ እርስ በርስም በዚያው ልክ ነው የሚጣበቀው።

ሌላው፣ ይህ ፒሲአር እንደተለመደው ፒሲአር በእጥፍ እየተባዛ አይሄድም። አዲሱ ሰንሰለት የሚጀምረው ከፕራይመሩ ነው። በሚቀጥለው ዙር ሁለተኛው ፕራይመር አዲሱ ሰንሰለት ላይ ሊያርፍ የሚችለው መነሻው ጫፍ ላይ ነው። እዚያ ቢያርፍ የሚገለብጠው ነገር የለም፤ ወዲያው ያልቃል። ስለዚህ በየዙሩ የሚገለበጠው ዋናው ፕላስሚድ ብቻ ነው። ምርቱ ትንሽ ነው፤ ጄል ላይ ባንድ አለመታየቱ ብቻውን ሊያስደነግጥሽ አይገባም።

የተደጋገመው ፕራይመርም የዚህ ዘዴ የታወቀ በሽታ ነው፤ ያንቺ እጅ ጥፋት አይደለም። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። 33 ለሦስት ይካፈላል። ስለዚህ ተደጋግሞ ሲገባ የኮዶኑ (የሦስት ሦስት ፊደሉ) ንባብ አይዛነፍም፤ 11 አሚኖ አሲድ ነው የሚጨመረው። ግን የገባው ፕሮቲኑ እምብርት ላይ፣ ብርሃኑን የሚሠሩት ሦስቱ አሚኖ አሲዶች ያሉበት ቦታ ነው። እዚያ ተጨማሪ ነገር ከተሰገሰገ በርሜል የሚመስለው ፕሮቲን በትክክል አይታጠፍም፤ ብርሃንም የለም። ኮሎኒው የጨለመው ለዚህ ነው። «አያበራም» ማለት «ተቀይሯል» ማለት ብቻ አይደለም፤ «ተበላሽቷል»ም ሊሆን ይችላል። ያንቺ ለውጥ በትክክል ከገባ ኮሎኒው በሰማያዊ መብራት ይጨልማል፣ በረጅም ሞገድ አልትራቫዮሌት መብራት ግን ደከም ያለ ሰማያዊ ያሳያል። 365 ናኖሜትር የሚያበራ የእጅ መብራት ካላችሁ ሴኩዌንሲንግ ከመላክሽ በፊት እዚያ ላይ እዪው። ሦስት ሳምንት ይቆጥብልሻል።

ጊዜውም አጥሯል። ተራው ፒኤፍዩ ቀስተኛ ነው። ለአንድ ሺህ ቤዝ ሁለት ደቂቃ ስጪው። ለ3400 ቤዝ 7 ደቂቃ። አንቺ ግማሹን ነው የሰጠሽው።

ፕራይመር ሳታዢ የምትሞክሪው አንድ ዘዴ አለ፤ እኔ ራሴ ዶክትሬቴን ስጀምር የወጣሁበት ነው። ሥራውን ለሁለት ትከፍይዋለሽ። ሁለት ቱቦ፣ እያንዳንዳቸው 25 ማይክሮሊትር። አንዱ ውስጥ የፊቱ ፕራይመር ብቻ፣ ሌላው ውስጥ የኋላው ብቻ። ለየብቻ 5 ዙር ታስኬጃቸዋለሽ። የሚጣበቅበት ጓደኛ ስለሌለው ፕራይመሩ ያለው ምርጫ ፕላስሚዱ ብቻ ነው። ከዚያ ሁለቱን ቀላቅለሽ 18 ዙር ትቀጥያለሽ። ዲኤምኤስኦ (የዲኤንኤ ሰንሰለቶችን መጣበቅ የሚያላላ ኬሚካል) ካላችሁ 5 ከመቶ ጨምሪበት፤ ጂ እና ሲ ለበዛበት ይረዳል።

የድሮ_ቴክኒሻን

ልጄ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ወንድማችን ስለ ፕራይመሩ የተናገረው ልክ ነው። እኔ ግን ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አንብቤ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። አረንጓዴዎቹ 60 ኮሎኒዎች ከየት መጡ?

እነዚያ አዲስ የተሠሩ አይደሉም። አንቺ ራስሽ የጨመርሽው የድሮው ፕላስሚድ ናቸው። ሒሳቡን እንሥራው። 3400 ቤዝ ያለው ፕላስሚድ 100 ናኖግራሙ ውስጥ 27 ቢሊዮን ያህል ቅጂ አለ። ለባክቴሪያው ያጎረስሽው አንድ አምስተኛውን ነው፤ ከ5 ቢሊዮን በላይ። እያንዳንዷ ቅጂ ሙሉ ክብ ናት፤ ባክቴሪያ ውስጥ ለመግባት ከአዲሱ የተሻለ ዕድል አላት። ዲፒኤን-1 እነዚህን ካላጠፋልሽ፣ ፒሲአርሽ ምንም ያህል ቢያምር አዲሱ በድሮው መሃል ይሰወራል።

ይህ ጣጣ ከዘዴው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ማይክል ስሚዝ ቫንኩቨር ውስጥ ሆኖ በ1978 ከነሃቺሰን ጋር በአጭር ሰው ሠራሽ ዲኤንኤ የቫይረስ ጂን ላይ የፈለገውን ፊደል ሲቀይር፣ የድሮውና የአዲሱ ሰንሰለት ተቀላቅሎ ነበር የሚወጣው። (በ1993 የኬሚስትሪ ኖቤልን ፒሲአርን ከፈለሰፈው ከኬሪ ሙሊስ ጋር ተካፈለ። የገንዘቡን ግማሽ ለስኪዞፍሬንያ ምርምር የሰጠ ሰው ነው፤ ለተማሪዎች ሁሌ እነግራቸዋለሁ።) በ1985 ደግሞ ኩንከል የሚባል ተመራማሪ የድሮውን ሰንሰለት የሚለይበት ብልሃት አመጣ። ዲኤንኤውን በቲ ፋንታ ዩራሲል በሚያስገባ ባክቴሪያ ውስጥ ያሳድገዋል። አዲሱ ሰንሰለት የሚሠራው በተለመደው ቲ ነው። ከዚያ ዩራሲልን የሚያሳድድ ባክቴሪያ ውስጥ ሲገባ የድሮው ይጠፋል፣ አዲሱ ይቀራል። እኔ ወጣት ሆኜ ስሠለጥን የተማርኩት ይህን ነበር። አድካሚ ነው፤ ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል። ይህ ሥራ ሲበላሽ መጀመሪያ የምጠይቀው «አዲሱ ለምን አልተሠራም?» ብዬ አይደለም። «የድሮው ለምን አልሞተም?» ነው የምለው።

አሁን በዩራሲል ፋንታ የምንጠቀመው ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካዊ ምልክት ነው። በላብ ያሉት አብዛኞቹ ኢኮላይ ባክቴሪያዎች ዳም የሚባል ኢንዛይም አላቸው። ጂኤቲሲ የሚል ቦታ ባገኘ ቁጥር ኤዋ ላይ ሜቲል ይለጥፋል። ዲፒኤን-1 የሚቆርጠው ይህ ምልክት ያለበትን ብቻ ነው። በፒሲአር የተሠራው ምልክት የለውም፤ ስለዚህ ይተርፋል። አራት ፊደል በአማካይ በየ256 ቤዙ ይገኛል፤ ያንቺ ፕላስሚድ ላይ ወደ 13 ቦታ ይሆናል። ኢንዛይሙ ከሠራ ፕላስሚዱ ብጥስጥሱ ነው የሚወጣው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልጠይቅሽ። ፕላስሚዱ የመጣው ከየትኛው ባክቴሪያ ነው? ዲፒኤን-1ን ለብቻው ፈትነሽው ታውቂያለሽ? መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ቀልጦ ያውቃል?

መልሱን ባታውቂውም በአንድ ጄል ይታወቃል። አራት ጉድጓድ ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ። ያንቺ ፕላስሚድ ሳይቆረጥ፣ ያንቺ ፕላስሚድ ከዲፒኤን-1 ጋር አንድ ሰዓት፣ ዳም ካለው ዲኤች5-አልፋ ከሚባለው ባክቴሪያ የወጣ ማንኛውም ሌላ ፕላስሚድ ሳይቆረጥ፣ እሱው ከዲፒኤን-1 ጋር አንድ ሰዓት። ኢንዛይሙ ሞቶ ከሆነ ሁለቱም አይቆረጡም። ኢንዛይሙ ደህና ሆኖ ያንቺው ብቻ ካልተቆረጠ፣ ፕላስሚድሽ ዳም ከሌለው ባክቴሪያ ነው የወጣው። እንዲያ ከሆነ እስከ ዛሬ ዲፒኤን-1 ስትጨምሪ ውሃ እንደጨመርሽ ቁጠሪው።

ቀን_በላብ (ጠያቂ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፕላስሚዱ ከየትኛው ባክቴሪያ እንደወጣ አላውቅም። ከሌላ ላብ በቱቦ ነው የመጣልን፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ስሙና መጠኑ ብቻ ነው። መብራት አዎ፣ ባለፈው ወር አንድ ሌሊት ሙሉ ጠፍቶ ነበር። እርስዎ ያሉትን ጄል ነገ ጠዋት እሠራለሁ።

ጠርሙስ_አጣቢ

ይቅርታ፣ በመሃል ልግባ። ይህን ሁሉ ከመልፋት የተቀየረውን ጂን አሠርቶ መግዛት አይቀልም? እኔ ያለሁበት ላብ እንዲያ ነው የምናደርገው። ሁለት ቁራጭ አሠርተን 50 ዲግሪ ላይ በጊብሰን ዘዴ እንገጣጥማለን፤ ያልቃል።

ቀን_በላብ (ጠያቂ)

ገንዘቡ ቢኖር እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ግን የራሴ ኢንዛይም ላይ ስምንት ቦታ ነው በየተራ የምቀይረው። አንዱንም በእጄ ሳልሠራ ብቀር በቀሪዎቹ መቆሜ ነው። ዘዴውን መልመድ አለብኝ።

ሰሜን_ዘር

ለሚቀጥለው ማዘዣ ከሆነ እኔ የምመክርሽ ጀርባ ለጀርባ የሆኑ ፕራይመሮችን ነው። የፊቱ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ የኋላው ልክ ከኋላው ተነስቶ ወደ ሌላው አቅጣጫ ይሄዳል፤ አይደራረቡም። ሁለቱ ስለማይገጥሙ አይጣበቁም። ፒሲአሩም እንደተለመደው በእጥፍ ይባዛል። ጄል ላይ የሚያምር ወፍራም ባንድ ታያለሽ።

ጉዳቱ ምንድን ነው? የሚወጣው ዲኤንኤ ክብ አይደለም፤ ቀጥ ያለ ነው። ጫፎቹን መግጠም ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ ጫፉ ላይ ፎስፌት መኖር አለበት፤ ተራ ፕራይመር የለውም። በቲ4 ካይኔዝ ፎስፌት ትለጥፊለታለሽ፣ በቲ4 ላይጌዝ ትገጥሚዋለሽ፣ በዲፒኤን-1 የድሮውን ታጠፊያለሽ። ሦስቱን አንድ ላይ የያዘ ዝግጁ ድብልቅም ይሸጣል፤ በክፍል ሙቀት 5 ደቂቃ ነው የሚፈልገው። ጫፍ ላይ ኤ የሚጨምር ታክ ፖሊመሬዝ ግን እንዳትጠቀሚ፤ ጫፎቹ አይገጥሙልሽም።

ደስ የሚለው ነገር፣ ሁለት አዲስ ፕራይመር አያስፈልግሽም። ያለሽን የፊቱን ፕራይመር ያዢው። ለውጧ መሃሉ ላይ ናት፣ ከእሷ በኋላ ደግሞ 17 ቤዝ ይቀራል፤ ይበቃል። ልክ ከእሱ ኋላ የሚነሳ 20 ቤዝ የሆነ አንድ የኋላ ፕራይመር ብቻ እዘዢ።

ከስቶክሆልም

በዘዴው እስማማለሁ፤ ለስምንቱ ቦታ እኔም ያን ነበር የምመርጠው። አሁን ግን አታዢ። ጋሼ እንዳሉት የድሮው ፕላስሚድ የማይሞት ከሆነ ጀርባ ለጀርባም ሠርተሽ ያው አረንጓዴ ነው የሚጠብቅሽ። መጀመሪያ ጄሉ።

ቀን_በላብ (ጠያቂ)

ጄሉን ሠራሁ። ፎቶውን አሥር ጊዜ ሳላየው አልቀርም።

ከዲኤች5-አልፋ ያወጣሁት የፒዩሲ19 ፕላስሚድ ዲፒኤን-1ን ፈጽሞ አልተቋቋመም፤ ብትንትኑ ወጥቶ ታች ላይ ትናንሽ ባንዶች ሆኗል። ኢንዛይሙ ደህና ነው። የእኔው ፕላስሚድ ግን ከዲፒኤን-1 ጋር አንድ ሰዓት ቆይቶም እንደነበረ ነው። ሁለቱ ጉድጓዶች ምንም ልዩነት የላቸውም።

ፕላስሚዱን ለሰጠን ሰው ደወልኩ። ቢሲኤል-1 በሚባል ኢንዛይም ሊቆርጠው ፈልጎ ነበር። ያ ኢንዛይም ደግሞ ሜቲሉ ካለ አይቆርጥም። ስለዚህ ሆን ብሎ ዳም የሌለው ባክቴሪያ ውስጥ አሳድጎት ነበር። ለእሱ ሥራ ትክክል ነው። እኔ ነኝ መጠየቅ የነበረብኝ።

ሁለት ወር፣ ጋሼ። አራት ሙከራ። አንዷ ጄል ስታሳየኝ እንባዬ መጣ።

አሁን ፕላስሚዱን ወደ ዲኤች5-አልፋ አስገብቼ እንደገና ላውጣው?

የድሮ_ቴክኒሻን

አዎ ልጄ፣ ሁለት ሌሊት ብቻ ነው የሚፈጀው። አንድ አረንጓዴ ኮሎኒ አንሥተሽ አሳድጊና ሚኒፕሬፕ ሥሪ። ያወጣሽውንም በዲፒኤን-1 ፈትኚው። ሲበጣጠስ በዓይንሽ ሳታዪ ወደ ፒሲአር አትሂጂ። እንባሽን ደግሞ ጥረጊ። አሁን የምታውቂውን ነገር ብዙ ሰው በመጽሐፍ አንብቦት እንኳ ልብ አይለውም።

ፕላስሚዱንም ቀንሺ። 50 ማይክሮሊትር ውስጥ 100 ናኖግራም ብዙ ነው፤ ከ10 እስከ 20 ይበቃል። ዲፒኤን-1ን ሙሉ አንድ ሰዓት ስጪው፤ 15 ደቂቃ አይበቃም።

አንድ የረሳሁት ነገር አለ። ሴሎችሽ ደካሞች ናቸው። ተመልከቺ፦ 20 ናኖግራም የሚሆን ያልተቆረጠ ሙሉ ፕላስሚድ ነበር የሰጠሻቸው። ያገኘሽው 60 ኮሎኒ ነው። ሁሉንም ዘርተሽው ከሆነ በማይክሮግራም 3000 ኮሎኒ ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ ቢያንስ አንድ ሚሊዮን ያስፈልግሻል፤ የምትሰጪያቸው አዲሱ ፕላስሚድ ትንሽ ነው፣ በዚያ ላይ ስንጥቅ አለበት፤ ስንጥቁን የሚጠግነው ባክቴሪያው ነው። 10 ማይክሮሊትር የፒሲአር ቅልቅል በ50 ላይ መጨመርሽም ጎድቶሻል። ጨዉ ሴሎቹን ይረብሻል። ከአንድ አሥረኛ በላይ አትጨምሪ።

አዲስ ሴል አዘጋጂ። ባክቴሪያው ገና በልጅነቱ፣ ኦዲው (የፈሳሹ ድፍርስነት መለኪያ) 0.4 አካባቢ ሲሆን አንሺው። ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር በረዶ ላይ ነው፤ ቱቦውም፣ የካልሲየም ክሎራይዱ ውሃም፣ ሴንትሪፊዩጁም። ሴሎቹን ስትበትኛቸው ቮርቴክስ አታድርጊ፤ በእጅሽ ቀስ ብለሽ አወዛውዢያቸው። እኔ ለአዲስ ተማሪ ይህን ሳሳይ ጓንት አስወልቄ ቱቦውን አስይዘዋለሁ። ጣቱ ካልቀዘቀዘ ሴሎቹም አልቀዘቀዙም።

ቀን_በላብ (ጠያቂ)

አሥራ ሁለት ቀን ጠፋሁባችሁ፤ ይቅርታ። ላብ ውስጥ ነበርኩ።

መጀመሪያ ሴሎቹን አዘጋጀሁ። ጋሼ እንዳሉት ሁሉን በረዶ ላይ አድርጌ ነው የሠራሁት። በ0.1 ናኖግራም ፕላስሚድ ፈተንኳቸው፤ 140 ኮሎኒ ሰጡኝ። በማይክሮግራም 1.4 ሚሊዮን ማለት ነው። ከዚያ ፕላስሚዱን በዲኤች5-አልፋ አሳድጌ አወጣሁት። በዲፒኤን-1 ስፈትነው ብትንትኑ ወጣ። ጄሉን አይቼ ላብ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ፒሲአሩን በሁለት ቱቦ ሠራሁ። የድሮዎቹን ፕራይመሮች ነው የተጠቀምኩት፤ ምንም አላዘዝኩም። በእያንዳንዱ ቱቦ 10 ናኖግራም ፕላስሚድ፣ 5 ከመቶ ዲኤምኤስኦ፣ ማራዘሚያው 7 ደቂቃ። 5 ዙር ለየብቻ፣ 18 ዙር አብረው። ጠዋት 3 ሰዓት ጀምሬ ከሰዓት 7 ሰዓት አልፎ ነው የጨረሰው። መብራቱ ይጠፋ ይሆን እያልኩ ከማሽኑ አጠገብ አልተነሳሁም፤ ምሳዬንም እዚያው በላሁ። ዲፒኤን-1 አንድ ሰዓት። ከቅልቅሉ 4 ማይክሮሊትር ብቻ ለ50 ማይክሮሊትር ሴል ሰጠሁ።

ጎን ለጎን ሁለት ማወዳደሪያ ነበሩኝ። አንደኛው ያለ ፖሊመሬዝ ሆኖ ዲፒኤን-1 የገባበት፤ 2 ኮሎኒ። ሁለተኛው ያለ ፖሊመሬዝም ያለ ዲፒኤን-1ም፤ ሊቆጠር የማይችል። ድሮ እነዚህን ብሠራ ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ነበር የማውቀው።

ዋናው ፕሌት ላይ 31 ኮሎኒ ወጣ። ሰማያዊ መብራት ላይ ሳስቀምጠው 5ቱ አረንጓዴ፣ 26ቱ ጨለማ። ፕሌቱን ይዤ ወደ ጨለማው ክፍል ሄድኩና የ365 ናኖሜትሩን መብራት አበራሁበት። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቅሁ። ከዚያ አንድ በአንድ መታየት ጀመሩ። ደከም ያለ፣ እንደ ንጋት ሰማይ ያለ ሰማያዊ። 19 ቆጠርኩ። 7ቱ በሁለቱም መብራት ጨለማ ናቸው፤ እነሱ ፕራይመሩ የተደጋገመባቸው ይመስለኛል።

ከሰማያዊዎቹ አራት ለሴኩዌንሲንግ ልኬያለሁ።

ሰሜን_ዘር

እልል! ሴኩዌንሲንጉን ግን የተቀየረችውን ቦታ ብቻ እንዳታስነብቢ። ጂኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስነብቢው፤ 720 ቤዝ ነው፣ አንድ ጥሩ ንባብ ሊሸፍነው ይችላል፤ ከሁለቱም በኩል ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ፒኤፍዩ ከታክ በጣም ያነሰ ይሳሳታል፤ ግን ይሳሳታል። ፕራይመሩ ራሱ ሲሠራም አንዲት ቤዝ ልትዘለል ትችላለች።

የድሮ_ቴክኒሻን

ደግ አደረግሽ ልጄ። የፕላስሚዱን ቱቦ ላይ ዛሬውኑ «ዲኤች5-አልፋ፣ ዳም ያለው» ብለሽ ጻፊበት። ቀኑንም ጻፊ። ከአንቺ በኋላ ለሚመጣው ተማሪ።

ቀን_በላብ (ጠያቂ)

ሴኩዌንሱ መጣ። ከሁለቱም በኩል አስነብቤዋለሁ። አራቱም ላይ ቲኤሲው ሲኤሲ ሆኗል። ሦስቱ ንጹሕ ናቸው። አራተኛው ላይ ከፕራይመሩ ርቆ ሌላ ቦታ አንድ ጂ ወደ ኤ ተቀይሯል፤ እሱን ተውኩት። ሰሜን_ዘር፣ አንተ ባትነግረኝ እሱን ልመርጠው እችል ነበር፤ ኮሎኒው ከሁሉም ትልቁ ነበር።

ለስምንቱ ቦታ ጀርባ ለጀርባ የሆኑትን ፕራይመሮች አሁን እያዘጋጀሁ ነው። የኢንዛይሜን ፕላስሚድ ትናንት በዲፒኤን-1 ፈተንኩት። ይቆረጣል።

ቱቦውም ላይ ጽፌበታለሁ ጋሼ።